የተላላኪው እርሳስ፤ አሞስ ቱቱኦላ የምናብ ታሪኮቹን እንዴት ጻፈ?

(ለማንበብና መጻፍ ትምህርት ተከታታዮች በራዲዮ የተሰጠ ንግግር)

ወረቀታችሁንና እርሳሳችሁን ይዛችሁ ራዲዮኑን እንደከበባችሁ ተስፋ አለኝ። ባለፈው ዝግጅታችን ደብዳቤ እንዴት እንደሚጻፍ ተነጋግረን ነበር። በደብዳቤ የምንጽፈው የሆነውን ነገር ነው። ዛሬ ደግሞ ያልሆነውን፣ ሊሆንም የማይችለውን ነገር እየጻፈ ስለኖረ አንድ ሰው እንነጋገራለን።

ፊደል ከቆጠሩ ጎልማሶች ዘወትር የምሰማው አንድ አነጋገር አለ። «ማንበቡስ ይሁን፣ ይጠቅመኛል፤ መጻፉ ግን ለእኔ ምን ያደርግልኛል? እኔ ምን የምጽፈው ነገር አለኝና ነው?» ይላሉ። ይህን የሚሉት ብዙውን ጊዜ ማታ ልጆቻቸውን ሰብስበው ተረት ሲያወሩ እንቅልፍ የሚያስረሱ ሰዎች ናቸው። አንደበታቸው ሙሉ ነው፤ እጃቸው ግን ወረቀት ላይ ሲደርስ ይታሰራል። የዛሬው ንግግር የታሰበው ለእነሱ ነው።

በመጀመሪያ ምናብ ማለት ምን ማለት ነው? በዐይን ያላዩትን በልብ ማየት ነው። ጅብ ሲናገር፣ ዛፍ ሲሄድ፣ የሞተ ሰው ገበያ ሲወጣ በልባችን እናያለን። በዚህ ዐይነት ነገር ላይ ተመሥርቶ የተጻፈውን ታሪክ የምናብ ታሪክ እንለዋለን። ታዲያ እንዲህ ያለውን ታሪክ ጽፎ የሚያሳትም ሰው ከእኛ የተለየ ፍጡር ይመስለናል። ከፍተኛ ትምህርት የተማረ፣ ጸጥ ካለ ክፍል ተቀምጦ መንፈሱ እስኪነሣሣ የሚጠብቅ ሰው አድርገን እንገምተዋለን። የዛሬው ሰውዬ ግን እንዲህ አልነበረም። የመሥሪያ ቤት ተላላኪ ነበር። ስሙ አሞስ ቱቱኦላ ይባላል፤ አገሩም ናይጄሪያ ነው። በንግግራችን የሚጠሩት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድሜ ላሳስብ።

ልጅነቱና ትምህርቱ

ቱቱኦላ በ1920 በደቡብ ምዕራብ ናይጄሪያ አቤኦኩታ በምትባል ከተማ ተወለደ። የከተማይቱ ስም ትርጉም «ከዐለት ሥር» ማለት ነው፤ ከትልቅ ዐለት አጠገብ የተቆረቆረች ስለሆነች ነው። ሕዝቡ ዮሩባ ይባላል። ወላጆቹ ካካዎ የሚያመርቱ ገበሬዎች ነበሩ። ካካዎ ማለት ቸኮላታ የሚሠራበት ፍሬ ነው።

በዮሩባ አገር ማታ ማታ ሽማግሌዎች ለልጆች ተረት ይተርካሉ። በእኛ ተረት ብልጧ ጦጣ እንደሆነች ሁሉ በእነሱ ተረት ብልጡ ኤሊ ነው። ጫካው ደግሞ በመናፍስት የተሞላ ነው። ቱቱኦላ ይህን እየሰማ አደገ።

ትምህርቱን በሚመለከት ግን ዕድሉ ጠባብ ነበር። ወላጆቹ ለትምህርት ቤት የሚከፍሉት በቂ ገንዘብ አልነበራቸውም። ስለዚህ ገና ልጅ ሳለ ከአንድ የመንግሥት ጸሐፊ ቤት በአገልጋይነት ገባ፤ ሰውየውም በደመወዝ ፈንታ ትምህርት ቤት አስገባው። ቀን ይማራል፣ ከትምህርት ሲመለስ ይሠራል። በኋላም ወደ አቤኦኩታ ተመልሶ ጥቂት ተማረ። አባቱ በ1939 ሲሞት የሚከፍልለት ጠፋና ትምህርቱን አቋረጠ። በጠቅላላው የተማረው 6 ዓመት ያህል ነው።

ከዚያ በኋላ የመዳብ ቅጥቀጣ ሥራ ተማረ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ሌጎስ ከተማ ውስጥ ለእንግሊዝ ንጉሣዊ አየር ኃይል በመዳብ አንጥረኛነት ሠራ። ጦርነቱ ሲያበቃ ተሰናበተ። የራሱን የመቀጥቀጫ ቤት ለመክፈት አስቦ ነበር፤ ገንዘብ አጣ። ሥራ ፈትቶ ከቆየ በኋላ ሌጎስ በሚገኘው የሠራተኛ ጉዳይ መሥሪያ ቤት ተላላኪ ሆኖ ተቀጠረ።

ሥራ የፈታ እጅ

የተላላኪን ሥራ ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ደብዳቤ ሲኖር ይሮጣል፤ ሲጠፋ ቁጭ ብሎ ይጠብቃል። ቱቱኦላ እንደተናገረው ይህ ያለ ሥራ መቀመጥ አሰለቸው። በመሆኑም ከመሥሪያ ቤቱ የተጣለ ብጥስጣሽ ወረቀት እያነሣ፣ በልጅነቱ የሰማውን ተረት በእርሳስ መጻፍ ጀመረ።

እዚህ ላይ ትንሽ ቆም እንበል። ይህ ሰው ጸጥ ያለ ክፍል አልነበረውም፤ የተለየ ሰዓትም አልነበረውም። የነበረው ነገር በሁለት ጥሪ መካከል ያለው ክፍት ጊዜ ነው። አለቃው በጠራው ቁጥር ወረቀቱን አስቀምጦ ይነሣል፤ ሲመለስ ካቆመበት ይቀጥላል። እንግዲህ የዚህ ደራሲ የመጀመሪያ ልማድ ይህ ነው፤ ጊዜ እስኪገኝ አልጠበቀም፤ የተገኘችውን ጊዜ ያዘ።

ሁለተኛው ልማዱ ከዚህ ጋር የተያያዘ ነው። «የዘንባባ ጠጅ ጠጪው» የተባለውን ዝነኛ መጽሐፉን ለመጀመሪያ ጊዜ ጽፎ የጨረሰው በጥቂት ቀናት ውስጥ እንደሆነ፣ ከዚያ በኋላ ግን ታሪኩን ለማስፋትና በቀለም ለመገልበጥ 3 ወር ያህል እንደወሰደበት ተናግሯል። ልብ በሉ፤ ሁለት ዐይነት ሥራ ነው። በመጀመሪያ ታሪኩ እንዳይጠፋ በፍጥነት በእርሳስ ይይዘዋል። ቀጥሎ ቀስ ብሎ፣ በትዕግሥት፣ የጎደለውን እየሞላ ይጽፈዋል። እህል ሲሰበሰብ እንደምናደርገው ማለት ነው። ዝናብ ሳይመጣ ቶሎ ታጭዶ ይከመራል፤ መውቃቱና ማበጠሩ ጊዜ ይወስዳል። ሁለቱን ሥራ ባንድ ጊዜ ልሥራ የሚል ሰው ሁለቱንም ያበላሻል።

ታሪኩ ምንድን ነው?

አሁን ወደ መጽሐፉ ውስጥ እንግባ። የዘንባባ ጠጅ ማለት በምዕራብ አፍሪካ ከዘንባባ ዛፍ ላይ የሚቀዳ ፈሳሽ ነው። ቀጂው ዛፉ ላይ ወጥቶ ከጫፉ ያወርደዋል፤ ሲቆይ እየፈላ ያሰክራል።

የታሪኩ ባለቤት ከ10 ዓመቱ ጀምሮ ይህን ጠጅ ከመጠጣት በቀር ሌላ ሥራ የሌለው ሰው ነው። ባለጠጋ አባቱ 560,000 ዛፍ ያለበት የዘንባባ እርሻ ሰጠው፤ ጠጅ የሚቀዳለት ሰውም ቀጠረለት። ቀጂው ጠዋት 150 በርሜል፣ ማታ ደግሞ 75 በርሜል ያቀርባል። ቤቱ በወዳጅ ይሞላል። አንድ ቀን ቀጂው ከዛፍ ወድቆ ሞተ። ጠጁ ሲቆም ወዳጆቹም እግራቸውን ሰበሰቡ። ሰውየው ሌላ ቀጂ ፈለገ፤ እንደ በፊተኛው የሚሆንለት አጣ። «እንግዲህ የሞቱ ሰዎች ወደሚኖሩበት ከተማ ሄጄ ቀጂዬን አመጣለሁ» ብሎ ተነሣ። መጽሐፉ የዚህ ጉዞ ታሪክ ነው።

የወዳጆቹን ነገር አያችሁ? ጠጅ እስካለ ድረስ ወዳጅ አለ፤ ጠጅ ሲያልቅ የለም። ይህ ምናብ አይደለም። በየሰፈራችን ያለ እውነት ነው። ታሪኩ መናፍስትና ሙታን የሞሉበት ቢሆንም ሥሩ የተተከለው ሰው በሚያውቀው ነገር ውስጥ ነው። አንባቢው የመጀመሪያውን እውነት ካመነ በኋላ የቀረውን ተአምር እየተከተለ ይሄዳል።

ምናቡ ከየት መጣ?

«ታዲያ ይህን ሁሉ ነገር ከየት አመጣው?» ብላችሁ ትጠይቁ ይሆናል። ከሁለት ጎተራ ነው ያመጣው። አንደኛው ጎተራ የሰማው ተረት ነው። ሁለተኛው በየቀኑ በዐይኑ ያየውና በእጁ የነካው ነገር ነው። እስቲ በምሳሌ እንየው።

በመጽሐፉ ውስጥ አባቷ ያመጣላትን ባል ሁሉ እምቢ ያለች ልጃገረድ አለች። ገበያ ውስጥ እጅግ ያማረ ወንድ አይታ ተከተለችው። ሰውየው ወደ ጫካ ሲገባ ግን ጉድ ታየ። ያ ሁሉ ቁመናው የተከራየው ኖሯል! እግሩን ላከራየው ሰው እግሩን መለሰ፣ ኪራዩንም ከፈለ። ሆዱን መለሰ፣ ደረቱን መለሰ፣ እጁን መለሰ፤ በመጨረሻ የቀረው ባዶ የራስ ቅል ብቻ ሆነ። የራስ ቅሉም ልጅቷን ይዞ አስቀራት። ይህ ተረት በምዕራብ አፍሪካ ሴት ልጆችን ለመምከር ሲነገር የኖረ ነው። ቱቱኦላ አልፈጠረውም፤ ሰምቶታል።

ነገር ግን የጨመረበትን ተመልከቱ። ታሪኩን የሚያወራው ጠጪ ያን መልከ መልካም ሰው ሲያይ በጣም ይደነቃል። ሰውየው ጦር ሜዳ ቢገኝ ጠላት ሊገድለው እንደማይጨክን፣ ባለበት ከተማ ላይም አውሮፕላን ቦምብ እንደማይጥል፣ ቢጥልም እንኳ እሱ ከተማውን ለቅቆ እስኪወጣ ቦምቡ ራሱ እንደማይፈነዳ ይናገራል። የጥንት አያቶች ቦምብ ከየት ያውቃሉ? ይህ የአየር ኃይሉ የመዳብ ሠራተኛ ጭማሪ ነው። በጦርነት ዘመን የኖረ ሰው መልክንና ውበትን በቦምብ ለካው።

ሌላ ምሳሌ ልጨምር። ጠጪውና ሚስቱ በጉዟቸው ላይ ከአንድ ትልቅ ነጭ ዛፍ ይደርሳሉ። ወደ ውስጥ ለመግባት በር ላይ ሞታቸውን በ70 ፓውንድ ከ18 ሽልንግ ከ6 ፔኒ ይሸጣሉ፤ ፍርሃታቸውን ደግሞ በወር 3 ፓውንድ ከ10 ሽልንግ ወለድ ያበድራሉ። ሲወጡ ያበደሩትን ፍርሃት መልሰው ወሰዱ፤ የሸጡትን ሞት ግን ገዥው አልመልስም አለ። ስለዚህ ከዚያ ወዲያ መፍራት ይችላሉ፣ መሞት ግን አይችሉም! ምን አለፋችሁ፣ እንዲህ ያለውን ነገር ማሰብ የሚችለው ውሉና ደረሰኙ፣ ሒሳቡና ደመወዙ በየቀኑ በእጁ የሚያልፍ ሰው ነው። ሽያጭና ብድር ልዩነት አላቸው፤ የተሸጠ አይመለስም፣ የተበደረ ይመለሳል። የመሥሪያ ቤቱ ተላላኪ ይህን ልዩነት ወስዶ በሞትና በፍርሃት ላይ አዋለው።

ቁጥሩንም ልብ በሉ። «በብዙ ገንዘብ ሸጥን» አላለም። 6 ፔኒዋን እንኳ አልተዋትም። ነገሩ የማይታመን በሆነ መጠን ዝርዝሩ በትክክል መነገር አለበት። ውሸት የሚያወራ ሰው ዝርዝር ሲጠየቅ ይንተባተባል፤ ጥሩ የምናብ ደራሲ ግን ሳይጠየቅ ዝርዝሩን ያቀርባል።

በ1954 የወጣው ሁለተኛ መጽሐፉ «ሕይወቴ በመናፍስት ጫካ» ይባላል። በባርያ ፈንጋዮች ወረራ ጊዜ ከቤቱ የሸሸ የ7 ዓመት ልጅ የመናፍስት ጫካ ውስጥ ገብቶ 24 ዓመት ሲንከራተት የሚያሳይ ነው። እዚያ ውስጥ እጇ ቴሌቪዥን የሆነ አንዲት መንፈስ አለች። መዳፏን ስትዘረጋ ልጁ እናቱንና የትውልድ ቦታውን ያያል። በናይጄሪያ የመጀመሪያው የቴሌቪዥን ጣቢያ ኢባዳን ውስጥ የተከፈተው በ1959 ነው፤ መጽሐፉ ከወጣ ከ5 ዓመት በኋላ ማለት ነው። ደራሲው አዲስ የሰማውን መሣሪያ ወስዶ ለናፍቆት አዋለው። ከቤቱ ርቆ የሚኖር ሰው የእናቱን ፊት በመዳፍ ላይ ማየት ምን ማለት እንደሆነ አስቡት። በዛሬው ዘመን ስንቱ ቤተሰብ በባዕድ አገር ያለ ልጁን በእጁ ስልክ ላይ እንደሚያይ ሁላችንም እናውቃለን።

አጫጭር ተረቶች በአንድ መንገድ

ይሁን እንጂ ተረት መስማትና አዲስ ነገር ማየት ብቻውን መጽሐፍ አይሆንም። አንድ ተረት ቢበዛ የሩብ ሰዓት ወሬ ነው። ቱቱኦላ ያገኘው ዘዴ መንገድ ነው። አንድ ሰው አንድ ነገር ፈልጎ ከቤቱ ይነሣል። በየመንገዱ አንድ አንድ ተረት ያገኘዋል። አንዱን አልፎ ወደሚቀጥለው ይሄዳል። ዶቃው የተለያየ ቢሆንም ክሩ አንድ ነው። አንባቢው «ሰውየው ቀጂውን ያገኘው ይሆን?» እያለ እስከ መጨረሻው ይከተላል።

ይህን መንገድ ለመጀመሪያ ጊዜ የጠረገው እሱ አይደለም። ፋጉንዋ የሚባል የዮሩባ መምህር በ1938 በዮሩባ ቋንቋ በመናፍስት ጫካ ስለሚጓዝ አዳኝ መጽሐፍ አሳትሞ ነበር። ቱቱኦላ ከዚህ ደራሲ ብዙ እንደቀሰመ ያጠኑት ሰዎች ይስማማሉ። ይህ አያስነውርም። ሸማኔ ከሸማኔ ያያል፤ ጥለቱን የራሱ ማድረግ ግን የእሱ ፈንታ ነው።

የመናፍስት ፎቶግራፍ

ስለ ውስጣዊ ዓለሙ የሚነግረን አንድ አስገራሚ ታሪክ አለ። ከዝነኛው መጽሐፉ በፊት ቱቱኦላ ስለ አንድ አዳኝና ስለ መናፍስት ጫካ ሌላ ታሪክ ጽፎ ነበር። ለንደን ውስጥ ስለ ፎቶግራፍ ሥራ መጻሕፍትን ለሚያሳትም ድርጅት ደብዳቤ ጻፈና የናይጄሪያ መናፍስት ፎቶግራፍ ቢልክላቸው ይፈልጉ እንደሆነ ጠየቃቸው። አሳታሚዎቹ ጉዳዩ ገርሟቸው «ላክልን» አሉት። እሱም ታሪኩን ከፊልሙ ጋር ላከ። ፊልሙ ሲታይ በእጅ የተሳሉ የመናፍስት ሥዕሎች ፎቶግራፍ ሆኖ ተገኘ!

ይህን ሰምቶ የሚስቅ ይኖራል። ሳቁ አይከፋም፤ ነገር ግን ከሳቁ ባሻገር እንመልከት። ለዚህ ሰው መናፍስቱ መልክና ቁመና ነበራቸው። በልቡ ስለሚያያቸው ሌላውም ሰው እንዲያያቸው ፈለገ። ካሜራ ሊያነሣቸው የማይችለውን ነገር በሥዕል አስነሣ፤ በኋላም በቃል አነሣ። ያ የመጀመሪያ ታሪክ ሳይታተም ለብዙ ዘመን ቆይቶ በ1982 በመጽሐፍ መልክ ወጣ።

የቋንቋው ክርክር

አሁን ወደ ከባዱ ነገር እንመጣለን። ቱቱኦላ የጻፈው በእንግሊዝኛ ነው። የቻለው እንግሊዝኛ ደግሞ የ6 ዓመት ተማሪ እንግሊዝኛ ነው። አፉ የሚያወራው በዮሩባ ስለሆነ የአረፍተ ነገሩ አጥንት ዮሩባ ሆኖ ልብሱ ብቻ እንግሊዝኛ ሆነ። የእጅ ጽሑፉን የሃይማኖት መጻሕፍትን ለሚያሳትም ማኅበር ላከው። እነሱ ራሳቸው ባያትሙትም አልጣሉትም፤ ፌበር ኤንድ ፌበር ወደሚባለው የታወቀ የለንደን አሳታሚ አሳለፉት። ይህ አሳታሚ በ1952 መጽሐፉን አወጣው። ቋንቋውንም በአብዛኛው እንዳለ ተወው፤ እርማቱ እንዴት እንደተደረገ ለማሳየትም አንዱን የእጅ ጽሑፍ ገጽ ከነእርማቱ በመጽሐፉ ውስጥ አተመ።

ዲላን ቶማስ የሚባለው ታዋቂ የዌልስ ባለቅኔ መጽሐፉን በጋዜጣ ላይ አደነቀ። በአውሮፓና በአሜሪካ ዝናው ተሰማ። በገዛ አገሩ ግን ብዙ የተማሩ ሰዎች ተቆጡ። «ይህ መጽሐፍ መታተም አልነበረበትም፤ እንግሊዝኛው የተሰበረ ነው፤ ተረቱም አያቶቻችን ያወሩልን ነው» አሉ። ንዴታቸው ያለ ምክንያት አልነበረም። ናይጄሪያ ነፃነቷን ያገኘችው በ1960 ነው። በ1952 ገና በቅኝ አገዛዝ ሥር ነበረች። ራሳችንን ማስተዳደር እንችላለን የሚሉት ምሁራን፣ ነጮቹ ይህን መጽሐፍ ያደነቁት የእኛን አላዋቂነት ለመሳቂያ ስለፈለጉት ነው ብለው ሰጉ። ከአድናቂዎቹም መካከል እውነትም በንቀት ያደነቀ አልጠፋም።

እስቲ ራሳችሁን በዚህ ተላላኪ ቦታ አድርጉ። በብጥስጣሽ ወረቀት የጻፋችሁት ነገር ባሕር ተሻግሮ ተወደሰ፤ ያገራችሁ የተማረ ሰው ግን «አሰደብከን» ይላችኋል። ቱቱኦላ ዝምተኛና ዐይነ አፋር ሰው እንደነበር የሚያውቁት ተናግረዋል። ወቀሳው ሲመጣ ሁለት ነገር አደረገ። አንደኛ፣ እንግሊዝኛውን ለማሻሻል የማታ ትምህርት ጀመረ። ሁለተኛ፣ መጻፉን አላቆመም። መማርም መጻፍም ባንድነት ቀጠለ። «መጀመሪያ ተምሬ ልጨርስና በኋላ እጽፋለሁ» አላለም፤ «ዝነኛ ስለሆንኩ መማር አያስፈልገኝም»ም አላለም።

በኋላ ስለ ድርሰቱ ሲጠየቅ የሰጠው ምክንያት፣ ወጣቶች የአገራቸውን ተረትና ወግ ችላ እያሉ መምጣታቸውን ማየቱ ነው። በቃል የሚኖር ነገር አዋቂው ሲሞት አብሮ ይቀበራል። በወረቀት የሰፈረ ግን ይቆያል።

ቀስ በቀስ አስተያየቱ ተለወጠ። በ1960ዎቹ መጀመሪያ ኮላ ኦጉንሞላ የተባለው የዮሩባ የቲያትር ሰው «የዘንባባ ጠጅ ጠጪውን» በዮሩባ ቋንቋ በዘፈንና በጭፈራ መድረክ ላይ አቀረበው። ከአያት አፍ ወጥቶ በእንግሊዝኛ ወረቀት ላይ የሰፈረው ተረት ዞሮ ወደ ባለቤቱ ቋንቋ ተመለሰ። በ1977 ደግሞ ታላቁ ደራሲ ቺኑዋ አቼቤ በኢባዳን ዩኒቨርሲቲ ስለዚሁ መጽሐፍ ንግግር አደረገ። መጽሐፉን ስለ ሥራና ስለ ጨዋታ የሚያስተምር አድርጎ ተረጎመው። ሥራ ሳይሠራ የሚጠጣ ሰው የኋላ ኋላ የሚጠብቀው አድካሚ ጉዞ ነው። «የተሰበረ ቋንቋ» የተባለው መጽሐፍ ጥብቅ ምክር ተሸክሞ ተገኘ።

ኑሮውስ?

ዝና ብዙ ጊዜ ኑሮን አይለውጥም። የመጀመሪያው መጽሐፉ ሲወጣ ቱቱኦላ ተላላኪ ነበር። በኋላም በናይጄሪያ የራዲዮ ድርጅት ኢባዳን ከተማ ተቀጠረ። በራዲዮ ስል ማይክሮፎን ፊት የተቀመጠ እንዳይመስላችሁ፤ የዕቃ ግምጃ ቤት ሠራተኛ ነበር። ዕቃ እየቆጠረ ያስገባል፣ እየቆጠረ ያስወጣል፣ መጻፉንም ይቀጥላል። በ1967 «አጃዪና የወረሰው ድህነት» የሚል መጽሐፍ አወጣ። ርእሱ ራሱ ይናገራል። ድህነት እንደ ርስት ከአባት ወደ ልጅ ሲተላለፍ እሱም በዐይኑ አይቷል። ሌሎችም መጻሕፍት አከታትሎ አሳተመ፤ በ1981፣ በ1987ና በ1990 የወጡም አሉ። በ1997 ኢባዳን ውስጥ ዐረፈ። ከ40 ዓመት በላይ በአንድ ጫካ ውስጥ ሲመላለስ ኖረ ማለት ይቻላል።

ለእኛ ምን ይሆነናል?

እንግዲህ «እኔ ምን የምጽፈው አለኝ?» ወደሚለው ጥያቄ እንመለስ። የእኔ ሥራ መምህርነት ነው። የመምህር ሥራ ደግሞ ፊደል ማረም ነው። «ሐመሩ ሐ» እና «ሃሌታው ሀ» ቦታቸውን እንዲይዙ እፈልጋለሁ፤ አራት ነጥብ ሲዘነጋም አልወድም። ነገር ግን ቅደም ተከተል አለው። ቀዩ እርሳስ ከታሪኩ ቀድሞ ከወጣ ታሪኩ ይሸሻል። በመጀመሪያ ታሪኩ ወረቀት ላይ ይውረድ። እርማቱ ይደርሳል። ቱቱኦላ ያደረገው ይህንኑ ነው፤ በቀናት ጻፈ፣ በወራት አረመ፣ በዓመታት ተማረ።

አንድ ነገር ግን ልጨምር። ቱቱኦላ የተወቀሰው በሰው ቋንቋ ስለጻፈ ነው። እናንተ የምትጽፉት በምታወሩበት ቋንቋ ነው። እሱ የተሸከመው ሸክም ግማሹ ከእናንተ ትከሻ ላይ የለም። ስለዚህ ምክንያታችን ይቀንሳል ማለት ነው።

አሁን እርሳሳችሁን አንሡ። የሳምንቱ የቤት ሥራ 4 ነገር አለው።

አንደኛ፤ ከሰፈራችሁ አንድ ሽማግሌ ወይም አንዲት አሮጊት ጠይቁና፣ ከዚህ በፊት ያልሰማችሁትን አንድ ተረት ስሙ። ሲያወሩ አትጻፉ፤ ዝም ብላችሁ አዳምጡ።

ሁለተኛ፤ በዚያኑ ዕለት፣ ሳይረሳ፣ ተረቱን በ10 መስመር ጻፉ። ፊደሉ ቢጠፋችሁ በሚመስላችሁ ፊደል ጽፋችሁ እለፉ።

ሦስተኛ፤ ከምትውሉበት ሥራ አንድ ነገር ውሰዱና ተረቱ ውስጥ አስገቡ። ነጋዴ የሆነ ሚዛኑን፣ ሸማኔ የሆነ መወርወሪያውን፣ ሾፌር የሆነ መሪውን፣ የቤት እመቤት የሆነች ምጣዷን ታስገባ። ከነቁጥሩ ይሁን። ጅቡ በጉን ገዛ ብላችሁ አትተዉት፤ በስንት ብር ገዛው? ዱቤ ነው ወይስ በእጅ? መቼ ሊከፍል ተስማማ? ያኔ ተረቱ የሽማግሌው ብቻ ሳይሆን የእናንተም ይሆናል።

አራተኛ፤ ወረቀቱን 3 ቀን አስቀምጡትና እንደገና አውጥታችሁ ድምፃችሁን ከፍ አድርጋችሁ ለቤተሰብ አንብቡ። ምላሳችሁ የሚሰናከልበት ቦታ ላይ ምልክት አድርጉ። እዚያ ቦታ ላይ ወይ ቃሉ ተሳስቷል፣ ወይ አረፍተ ነገሩ ረዝሟል። እሱን አስተካክሉና በንጹሕ ወረቀት ገልብጡ። የገለበጣችሁትንም ለአስተማሪያችሁ አሳዩ።

ተረቱን የነገሯችሁን ሰው ስም ከታች መጻፍ አትርሱ። የቃል ሀብት ባለቤት አለው። ደግሞም ሰውየው ወይም ሴትዮዋ ማንበብ የማይችሉ ከሆነ፣ የተናገሩትን በወረቀት ላይ ሆኖ ስታነቡላቸው የሚሰማቸውን ደስታ ታያላችሁ። እዚያው አጠገባቸው እንዳላችሁ የስማቸውን የመጀመሪያ ፊደል አሳዩአቸው፤ ሌላውን ለመማር ራሳቸው ይጠይቃሉ።

የተከበራችሁ አድማጮች፣ የተመደበልን ጊዜ አለቀ። በሚቀጥለው ዝግጅታችን በጽሑፍ ውስጥ ሰው ሲናገር ንግግሩ በምን ምልክት እንደሚለይ እንማራለን። ለዚያ ትምህርት የምንጠቀመው እናንተው የጻፋችሁትን ተረት ስለሆነ ወረቀቱን ይዛችሁ ቅረቡ። እስከዚያው ደኅና ሁኑ።